ጋሼ ጌታቸው ያልሠራው መደገፊያ

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን 2017

አንባቢዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ፤ ዛሬ ቤታችን ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ ጣሳውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። (አሥራ ስድስት ዓመት መጽሔት ላይ «አንባቢዬ» ስል ኖሬ በግል ደብተሬም አመለጠኝ። ይቅር፣ አልሰርዘውም።)

በጠዋት ሁለት ወጣቶች አንኳኩ። የውሃ ቆጣሪ የሚያነቡት መስለውኝ በቢጃማዬ ወጣሁ። አንደኛው መሰላል ላይ ወጣና «እናት፣ እስቲ ይችን ያዢልኝ» አለኝ፤ ያዝኩለት። እንዲያውም «ቀስ በል፣ እንጨቱ ያረጀ ነው» እያልኩ እመክረዋለሁ። ሲወርድ ቀና ብዬ ሳይ ከበረንዳው በላይ ቁጥርና ትልቅ ኤክስ።

«ይሄ ምንድነው?»

«መንገዱ ሊሰፋ አይደል እንዴ እናት፣ ይሄኛው የሚነሳ ነው» ብሎ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ጨዋ ልጅ ነው። ቀለሙ ጣቴ ላይ አሁንም አለ፤ በጋዝ ፈትጌው አልለቀቀም።

እቴቴ ከውስጥ «ማነው የመጣው?» አለችኝ።

«የውሃ ቆጣሪ» አልኳት።

ዓርብ፣ ጥር 16

ስብሰባ ተጠራን። ሄድኩ። ምትክ ቤት ይሰጣል ተባለ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ የከተማው ሌላ ጫፍ። አሳንሰሩ «በሂደት ላይ» ነው። እቴቴና አራት ፎቅ ደረጃ።

ዋና አዘጋጁ ሁለቴ ደወለ። ጽሑፌ አልደረሰም። አላነሳሁም።

ለእቴቴ አልነገርኳትም። ነገ።

ረቡዕ፣ ጥር 21

እቴቴ ሰማች። የነገረቻት ከጓሮ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ የምትኖረው ተናኘ ናት። ስገባ እቴቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ «የውሃ ቆጣሪው ስንት አነበበ?» አለችኝ። እንደዚህ ከምትለኝ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እቴቴ የምላት አክስቴ ወለተጻድቅ ናት፤ እናቴ ስትሞት በስድስት ዓመቴ ወስዳ ያሳደገችኝ። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ከጠፋ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ግን እዚህ ቤት ውስጥ ስትሄድ ያያት እንግዳ ዓይነ ስውር መሆኗን አያውቅም። ምክንያቱም መደገፊያው አለ። ከመግቢያው በር ጀምሮ ሦስቱንም ክፍል ዞሮ፣ በኩሽናው አድርጎ በረንዳው ላይ የሚያልቅ የጥድ እንጨት ግድግዳው ላይ በእጅ ቁመት ተመትቷል። ስትሄድ በቀኝ እጇ፣ ስትመለስ በግራዋ። ከመዳፍ ብዛት እንጨቱ እንደ ቅቤ ለስልሷል።

ዛሬ ከሰዓት ጎረቤታችን ጋሽ መዝገቡ መጡ፤ ጡረታ የወጡ የንድፍ አስተማሪ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው ሥራ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ሰውዬው ባላምባራስ ነገሬ ይባላሉ፤ ቀራንዮ ገና ገጠር ሳለ ለመኳንንቱ የገጠር ቤት፣ ለመንግሥት ደግሞ ሕዝብ የሚገባበትን ቤት የሠሩ አናጢና መሐንዲስ።

«አምስት የገጠር ቤት፣ አንድ ፍርድ ቤት፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ስልክ ቤት» ይላሉ ጋሽ መዝገቡ ጣታቸውን እያጠፉ። የሞተ ዘመድ የሚቆጥሩ ነው የሚመስሉት። «ቆሞ የቀረው የእናንተው ነው። እሱም ግማሹ በደርግ ጊዜ ወድቆ።»

ለካ መደገፊያው የባላምባራስ ምልክት ነው። በሠሩት ቤት ሁሉ ውስጥ አለ፤ መብራት ባልነበረበት ዘመን ሰው ቤቱን በእጁ እንዲያገኘው ብለው።

«ፍርድ ቤቱ ውስጥስ?» አልኳቸው። «ፍርድ ቤት በጨለማ አይዋልም።»

«አባቴ ከሳቸው ጋር ጭቃ ይመርግ ነበር። ተከሳሽ ቆሞ ሲጠብቅ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል ብለው ነው አለኝ።»

ከዚያ ነገሩን አመጡት። ቤቱ በቅርስነት ይመዝገብ ብለን እናመልክት፤ ከተመዘገበ መንገዱ ትንሽ ይታጠፋል እንጂ ቤቱ አይነካም። ማስረጃው መደገፊያው ነው። «ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ መሆኑ ብቻ ይረጋገጥ፤ ሌላውን ለእኔ ተይው» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ሌላም ማለት ነበረብኝ። «ሻይ ላምጣልዎ» አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ተናኘ በስልክ ስታወራ ሰማኋት፤ ጆሮዬን አልጣልኩም፣ ድምፅዋ ነው ትልቅ። «ቅርስ ቅርስ ይላሉ እንጂ፣ ክረምት ሲመጣ ቅርሱ እኔ ራስ ላይ ነው የሚያፈሰው። እኔ ኮንዶሚኒየሜን ይስጡኝ። የራሴ ባኞ ይኑረኝ። በሃምሳ ዓመቴ ሽንት ቤት ወረፋ ልያዝ?»

ተቀይሜያት ልገባ ነበር። የሰርቪሱን ጣሪያ ቀና ብዬ አየሁትና አፈርኩ።

እሑድ፣ ጥር 25

ይኸው ልጻፈው። ቢያንስ እዚህ ልጻፈው።

በ2006 ለፋሲካ እትም ጽሑፍ ጠፋኝ። ቀኑ ደረሰ፤ አንድ መስመር የለኝም። እቴቴ መደገፊያውን ይዛ ስታልፍ አየኋት። ኩሽናው አጠገብ እንጨቱ ይቋረጣል፤ አንድ ክንድ ያህል ባዶ ግድግዳ ነው፣ ከዚያ ይቀጥላል። እጇን ከእንጨቱ አንስታ አየሩን አቋርጣ ወዲያ ማዶ ስታሳርፈው አየሁና ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። የእቴቴ ባል ጋሼ ጌታቸው የሚስቱ ዓይን እየደከመ ሲሄድ አይቶ በገዛ እጁ መደገፊያ ሠራላት፤ ግራና ቀኙን ጨርሶ መሐሉ ላይ አንድ ክንድ ሲቀረው ሞት ቀደመው። እንዲህ ብዬ።

እንደዚያ ጽሑፍ የተወደደልኝ የለም። ኤፍኤም ላይ ተነበበ። ሴቶች እየደወሉ አለቀሱ። በቤተ ክርስቲያን በር «የመደገፊያው ባለቤት ሚስት» እያሉ ለእቴቴ ቦታ ይለቁላት ጀመር።

እውነቱ ይሄ ነው። እኛ እዚህ ቤት ስንገባ መደገፊያው ነበረ፤ ልጅ ሆኜ ጣቴን እያንሸራተትኩበት እሮጥ ነበር። ጋሼ ጌታቸው በዕድሜው አንድ ሚስማር መትቶ አያውቅም። ክፍተቱ ብቻ ነው የሱ ሥራ። ቡፌ ገዛ፤ ግድግዳው ላይ አልጠጋ ሲለው እንጨቱን በመጋዝ ቆረጠው። ቡፌው በኋላ ተሸጠ፤ ክፍተቱ ቀረ። ስለ ጋሼ ጌታቸው ሌላ የሚወራውን እዚህ አልጽፍም። (ሦስት ዓመት አየር ጤና ሌላ ሴት ቤት ኖሮ፣ ሲታመም ተመልሶ እቴቴ አስታማ እንደቀበረችው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።)

ያኔ ጽሑፉን ሳነብላት እቴቴ እስከ መጨረሻው ሰማች። «አሳምረሽዋል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንዴ፣ ሁዳዴ ሲገባ፣ አንብቢልኝ ትላለች።

ጋሽ መዝገቡ የሴቶች መጽሔት አያነቡም። የቅርስ ቢሮውም አያነብ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ጥር 28

የቅርስ ባለሙያዋ መጣች። ኪዳን ትባላለች፤ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ቢሆናት ነው። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ ማንም ሳይጠይቃት። ዓይኗን ጨፍና በመደገፊያው ቤቱን ዞረችው። ስትጨርስ ፈገግ ብላ «እንደዚህ ዓይነት ቤት አይቼ አላውቅም» አለች። ጋሽ መዝገቡ ወደ ግድግዳው ዞረው መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ይሄ ክፍተትስ?» አለችኝ።

«ቡፌ ነበረ እዚህ» አልኳት። ውሸት የለበትም።

እቴቴ ወንበሯ ላይ ሆና ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

በሩ ላይ ልጅቷ ቆም ብላ «ወይዘሮ ሰብሌ፣ ስምዎን የሆነ ቦታ የማውቀው ይመስለኛል» አለች።

«ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም ነው» አልኳት። ደህና ዋይ ብዬ በሩን ቶሎ ዘጋሁት።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ኪዳን ደወለች። ድምፅዋ ሲስቅ ይሰማኛል። «እርስዎ ነዎት ለካ። እናቴ እኮ ጽሑፍዎን ቆርጣ ዳዊቷ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። አባቴ ሲሞት በየቀኑ ታነበው ነበር። ቤታቸውን አየሁት፣ እማማን አየኋቸው ብላት ጮኸች።»

አመሰገንኳት። እንዴት ደስ ይላል አልኩ። እናትሽን ሰላም በይልኝ አልኩ። ከዚያ ድምፅዋ የቢሮ ሆነ።

«ግን ወይዘሮ ሰብሌ፣ እንደዚያ ከሆነ መደገፊያው የባላምባራስ አይደለማ። ባለቤታቸው በኋላ የሠሩት ነው።»

አሁን በይው፣ አሁን፣ እያልኩ ለራሴ፣ «ሌላ ስልክ እየገባብኝ ነው፣ መልሼ ልደውልልሽ» አልኳት።

አልደወልኩም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሽንኩርት ላጥኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ጋሽ መዝገቡ መጽሔቱን ይዘው መጡ። ኪዳን ናት የሰጠቻቸው። በረንዳው ላይ ሳይቀመጡ፦

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ ጋሽ መዝገቡ።»

«ጌታቸውን እኮ አውቀዋለሁ። አምፖል ሲቃጠልበት እኔን ነበር የሚጠራኝ።»

«ሰው ይወደዋል ብዬ ነው።»

«ሰውማ ወደደው» አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሄደሽ ተናገሪ። ወለተጻድቅን አስቀድመሽ አነጋግሪና ለቢሮው ተናገሪ።»

ሰኞ አደርገዋለሁ አልኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ቢሮ አልሄድኩም። በምትኩ ጋሽ መዝገቡን ይዤ አየር ጤና ሄድኩ። የባላምባራስ ፍርድ ቤት አንድ ክንፉ ጋራዥ ሆኖ እንደቀረ ሰሞኑን ስለሰማን፣ መደገፊያው እዚያ ከተገኘ ከእኛ ጋር አመሳክረን እናሳያለን፤ እኔም ምንም ሳልናገር ይድናል ብዬ ነው። ይሄን ለጋሽ መዝገቡ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

የጋራዡ ባለቤት ደሜ ደግ ሰው ነው፤ ዘይት የነካ እጁን ጠርጎ አስገባን። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል።

«እንጨት? ነበረ እንጂ፤ ዙሪያውን። አምና ክረምት ልጆቹ በርዷቸው አነደዱት። ደረቅ ስለነበር ጥሩ ነደደ።» ፊታችንን አይቶ «ምነው፣ የሰው ነበር?» አለን።

ጋሽ መዝገቡ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱ። ስንመለስ ታክሲው ዘነበወርቅ ሲደርስ «ጥሩ ነደደ አለ አይደል» አሉ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

የሰማዕታት ቀን ነው። ቢሮ ዝግ። ደስ አለኝ። በዚህ ደስ የሚለኝ ሰው ሆንኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀን። ዛሬ ልነግራት ቆርጬ ተነሳሁ። ሽሮዋን አቀረብኩ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እቴቴ፣ ያ ጽሑፍ...»

«ድምፅሽ ሰሞኑን ቀጥኗል» አለችኝ። «እህል አትበዪም?»

«እበላለሁ። እቴቴ፣ ስለ ጋሼ ጌታቸው የጻፍኩት...»

«ሐሙስ ያቺ ልጅ ትመጣለች አሉ፤ ቃሌን ልትቀበል። ነጠላዬን እጠቢልኝ።»

ተነስቼ ነጠላዋን አጠብኩ። በጣም ነው ያጠብኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ኪዳን ቅጿን ይዛ መጣች። ጋሽ መዝገቡ በምስክርነት ተቀመጡ። ተናኘ ልብስ ልታሰጣ የወጣች መስላ መስኮቱ ሥር ቆመች። እኔ በሩ ጋ።

«እማማ፣ ይሄን መደገፊያ የሠራው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

እቴቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ባለቤቴ ጌታቸው።»

«እርግጠኛ ነዎት እማማ? እዚህ ቤት ሲገቡ አልነበረም?»

«የተሠራልኝ እኔ ሆኜ ካላወቅኩ ማን ሊያውቅ ነው፣ ልጄ? እሱ ሲመታ ሚስማሩን አቀብለው ነበር።»

ጋሽ መዝገቡ «ወይዘሮ ወለተጻድቅ» ብለው ጀመሩና ተዉት። እኔ «እቴቴ፣ እንዲያ እኮ...» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ። የተጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

ዝም አልኩ። አንባቢዬ፣ ዝም አልኩ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ እንደ ልጅ ዝም በይ ስትለኝ ዝም አልኩ፤ ውስጤም ትንሽ ዕረፍት ነገር ተሰማው። ይሄን መጻፍ አልነበረብኝም።

ኪዳን ጻፈች፣ አነበበችላት፣ አውራ ጣቷን ይዛ ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። እጇን በቀስታ ነው የያዘችው። መስኮቱ ሥር ተናኘ በሻሽዋ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ኮንዶሚኒየም የምትፈልገዋ ተናኘ።

ጋሽ መዝገቡ ሲወጡ በጆሮዬ፦ «ሰው ቤቱን በአውራ ጣቱ ሲያፈርስ ዛሬ አየሁ።»

ዓርብ፣ የካቲት 21

«ለምን?» አልኳት።

«ምን እንድል ነበር የፈለግሽው? ለመንግሥት ሰው፣ ልጄ ውሸታም ናት ልበላት?»

«ቤቱ ይፈርሳል እኮ እቴቴ። ያ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። መደገፊያ የለውም።»

«ግድግዳ አለው አይደል።»

ነጠላዋን በጣቷ እየጠቀለለች እየፈታች፦

«ያ የተቆረጠው ጋ እጄ ሲደርስ ድሮ እረግመው ነበር። በቀን ስንቴ እንደማልፍበት አስቢው። የሞተ ሰው ስትረግሚ መዋል ደግ አይደለም፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬ አልተወኝም። አንቺ ከጻፍሽ ወዲህ ግን እዚያ ስደርስ ነፍስህን ይማረው እላለሁ። እውነት መስሎኝ ነው? ለምጄው ነው። አሁን ደግሞ ለቤት ብዬ እንደገና መርገም ልጀምር?»

ብርጭቆዋን አነሳሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ለቢሮው ደብዳቤ ጻፍኩ። አራት ገጽ ሆነ፤ ቀደድኩት። አንድ ገጽ አደረግኩት። መደገፊያው ከጥንት ነበረ፤ ጋሼ ጌታቸው የሠራው የለም፤ የቆረጠው አለ፤ ጽሑፉ የኔ ፈጠራ ነው፤ የአክስቴ ቃል እኔን ለመሸፈን የተሰጠ ነው። ፈረምኩ። ለእቴቴ አልነገርኳትም።

ኪዳን ፊቴ አነበበችው።

«ወይዘሮ ሰብሌ፣ ያኛውም ሲያነቡት እንደዚህ ነው የሚያሳምነው። የትኛውን ልመን?»

«ይሄኛውን።»

«እኔ ባምንስ? ኮሚቴው፣ ይቺ ቤቱ እንዳይነካባት የምትፈልግ ሰው ናት ይላል። የእማማ አሻራ አለ።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለእናቴ አልነግራትም» አለች።

ከዚያ አሠራሩን አስረዳችኝ። ሐሙስ መጋቢት 4 ኮሚቴው ቤቱ ድረስ ይመጣል። የተሰጠው ቃልና የገባው ደብዳቤ ሁሉ፣ ሰጪዎቹ በተገኙበት፣ በድምፅ ይነበባል። ከዚያ ይወሰናል።

«በአክስቴ ፊት?»

«በፊታቸው። አሠራሩ ነው።»

መልሺልኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ማኅተሙን መታችበት።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

መድኃኔዓለም። እቴቴን ይዤ ቀራንዮ ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜው ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። አንዷ እጄን ይዛ «መጽሔት ላይ ስለ ባልየው የጻፍሽው አንቺ ነሽ አይደል፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ» አለችኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል።

እሑድ፣ የካቲት 30

ጋሽ መዝገቡ ከቅዳሴ መልስ ሜትራቸውን ይዘው መጡ። መደገፊያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየለኩ ሲስሉ ዋሉ። ለማስረጃ አይረዳም፤ ጊዜው አልፏል። «ቢፈርስም ወረቀት ላይ ይቅር» አሉ። እቴቴ ወንበሯ ላይ ሆና ትመራቸዋለች፦ «መዝገቡ፣ ከመስኮቱ ቀጥሎ አንዲት ጉጥ አለች፣ እሷን እንዳትዘላት። ከኩሽናው በፊት ደግሞ አንድ ክንድ ባዶ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ መዝገቡ። ክፍተቱንም ለክተው፣ በነጥብ መስመር ሳሉት።

እሳቸው ሲሄዱ እቴቴ «ሁዳዴ ገብቶ እስካሁን አላነበብሽልኝም» አለችኝ። መጽሔቱን አመጣሁ። ለመንገር ከዚህ የተሻለ ሰዓት አልነበረም፤ ሁለታችን ብቻ ነን፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከፈትኩትና አነበብኩላት፤ ከመጀመሪያው እስከ «ሞት ቀደመው» ድረስ፣ ድምፄን ሳላዛንፍ። እቴቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማችና «ነፍሱን ይማረው» አለች። እኔም አልኩ።

ሐሙስ በእሷ ፊት ሁለተኛው ጽሑፌ ይነበባል፤ የሚያነበው እኔ አይደለሁም። ነገ እነግራታለሁ ብዬ እዚህ አልጽፍም፤ ይሄ ደብተር በነገ ሞልቷል። ሐሙስ ሰዎቹ ሲወጡ ግን ቁጭ ብዬ፣ ኮሚቴው ምን እንዳለ፣ እቴቴ ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሆነ፣ ከወንበሯ ስትነሳ እጇን መደገፊያው ላይ ታሳርፍ አታሳርፍ እንደሆነ፣ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። አላሳምረውም።